የዊዳድ ጾም

«ሰማያዊ ነው። ጠርዙ ላይ ስንጥቅ አለው፤ ስንጥቁን ራሴ ነኝ ላስቲክ አቅልጬ የደፈንኩት። ሌላ ሰው ‹የኔ ነው› ቢልሽ እንዳታምኚው።»

አልፊያ ታየኛለች። ከኋላዋ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ለአንድ ባኞ ሦስት የፖሊስ ሰው መላኩ በዛ እንጂ አላነሰም ብዬ በሆዴ ደስ ብሎኛል።

«ልብስ አጥቤበት በር ላይ ገልብጬው ገባሁ። ስወጣ የለም። ጣቢያ መጥቼ ሳመለክት ያ ቀጭኑ ባልደረባሽ ሳቀብኝ። እንግዲህ አሁን ይሳቅ።»

«እትዬ እሙ» አለች አልፊያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስለ ባኞው አልመጣሁም።»

«ታዲያ ስለ ምን?»

«ፈትያን ፈልጌ ነው። ፍሪዘሯንም።»

ያን ጊዜ ነው ፊቷን በደንብ ያየሁት። አልፊያን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ እዚሁ ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ያደገች ልጅ ናት። አጥር ዘላ የኔን ኮክ ስትሰርቅ የነበረችው ዛሬ ኢንስፔክተር ሆና ሌባ ትይዛለች፤ የሥራ ልምድ የሚባለው ይሄ ነው። ረመዳን ስለሆነ ከንፈሯ ደርቋል። የፊቷ ነገር ግን የጾም አልነበረም።

«ሞቲ አልነቃም» አለችኝ።

ሞቲ የሹፌሩ የሮቤራ ልጅ ነው። በዋዜማው በሠፈራችን ትምህርት ቤት «ከለር ዴይ» ነበር። ለማያውቀው ሰው ልንገር፦ ልጆቹ የደንብ ልብሳቸውን ትተው አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ ለብሶ የሚሄድበት ቀን ነው። ወላጅ ደግሞ ቤቱ የሌለውን ቀለም ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ሲዞር ያመሻል። ከዕረፍት ሰዓት በኋላ ሞቲ ሆዴን አለ፤ አስታወከ፤ ከንፈሩ እንደ አመድ ሆነና ወደቀ። ቤቴል ወዳለው ክሊኒክ ይዘውት ሲሮጡ ሌሎችም ልጆች ተከታተሉ። አብዛኞቹ አስታውከው ተሻላቸው። ሞቲን ግን ክሊኒኩ አልቻለውም፤ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከው። ሁሉም አበቃ ሲባል ደግሞ፣ ምሽት ላይ የባለ ሱቁ የአብደላ ልጅ ዊዳድ ካፈጠረች በኋላ ተዝለፍልፋ ወደቀች።

የሁሉም ምላስ ቀይ ነበር።

በኛ ሠፈር ቀይ ምላስ ማለት የፈትያ በረዶ ነው። ፈትያ የኔ ተከራይ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ውሃና ስኳር በቀይ ቀለም በጥብጣ፣ በትንንሽ ላስቲክ ቋጥራ፣ አቀዝቅዛ በትምህርት ቤቱ አጥር ስር ትሸጣለች። «እንጆሪ» ትለዋለች። «እንጆሪው የታለ?» ስላት «ስሙ ውስጥ አለልዎት» ትለኛለች። ልጆቹ እሱን እየመጠጡ፣ ምላሳቸውን እያወጡ ማን ይበልጥ ቀላ እያሉ ወደ ቤት ይገባሉ። እስከ ዛሬ ማንም ምንም ብሎ አያውቅም። እንዲያውም እናቶቹ ልጅ ሲያለቅስባቸው «ሂድ ፈትያ ጋ» ይሉ ነበር።

አልፊያ ገና ከበሩ ሳትገባ ከመንገዱ ጫጫታ ሰማን። ሮቤራ ከፊት፣ እናቶቹ ከኋላ። ሮቤራ ሌሊቱን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሞ ያደረ ሰው ነው፤ ዓይኑ ደም መስሏል። እኔን አልፎ፣ አልፊያን አልፎ፣ የፈትያን የቆርቆሮ በር በቡጢ መታው። ከዚያ ሁሉም መቱት። ድንጋይም ያነሳ ነበር። ስድቡን እዚህ አልጽፈውም፤ አብረን ዕቁብ የምንጥል ሰዎች ናቸው።

አልፊያ ሰዉን ገፍታ በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። «ሮቤራ» አለች። «በሩን የምሰብረው ከሆነ እኔ ነኝ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚያ ነው። አንተ ልጅህ ጋ ሂድ።»

ሮቤራ እጁን እንዳነሳ ቀረ። ከዚያ አወረደው።

*

አልፊያ ፈትያን ጣቢያ ከመውሰዷ በፊት እኔ ቤት አስቀመጠቻት። እኔም ወጥቼ መቆም ይገባኝ ነበር፤ ግን ቤቱ የኔ ነው፣ መቀመጫውም የኔ ነው።

«ትናንት ሸጠሻል?»

«ሸጫለሁ። በዕረፍት፣ እንደ ሁልጊዜው በአጥሩ በኩል።»

«ቀለሙን ከየት ነው የምታመጪው?»

«ከጋሽ አብደላ ሱቅ። ስጀምርም ከሱ ነው፣ አሁንም ከሱ ነው።»

«ሰሞኑን የቀየርሽው ነገር የለም? ውሃው? ስኳሩ?»

«ውሃው ቧንቧ የመጣ ዕለት የቀዳሁት ነው። ስኳሩን እትዬ እሙም ለሻይ ይበደሩኛል፤ በሕይወት አሉ።»

እውነት ነው፤ አለሁ።

ፈትያ እጆቿን እግሯ መሃል ቀብራ «አልፊያ፣ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማርነው» አለች። «እኔ ልጅ እመርዛለሁ?»

«አውቀሽ አላልኩም።»

«ሳላውቅስ?»

አልፊያ የማስታወሻ ደብተሯን አጠፈች። ፈትያ ራሷን ነቀነቀች። «እኔም ሌሊቱን ሙሉ ራሴን የጠየቅሁት እሱን ነው» አለች።

ፍሪዘሩን አሽገው፣ ከበረዶው ናሙና ወስደው፣ እሷንም ይዘዋት ሄዱ። ናሙናው እስኪመረመር ቢያንስ ሳምንት እንደሚፈጅ ሰማሁ። ሞቲ ሳምንት እንዳለው ግን የነገረን አልነበረም።

*

አልፊያ ወደ አብደላ ሱቅ ስትሄድ እኔም ጨው ልገዛ ሄድኩ። ቤቴ ጨው ሞልቷል፤ ሆኖም ጨው አይበላሽም።

አብደላ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጧል፤ ከልጁ አልጋ አጠገብ ያደረ ሰው መሆኑ ከፊቱ ይነበባል። የቀዩን ቀለም ቆርቆሮ አውጥቶ አስቀመጠ። ከላዩ የኬክ ሥዕል አለበት።

«ለምግብ የተሠራ ነው። ልደት ባለ ቁጥር ግማሹ ሠፈር ከኔ ነው የሚገዛው። ይሄ ቢገድል ኖሮ የእኔን ልጆች ቀድሞ ይፈጅ ነበር፤ እናታቸው ኬክ ስትጋግር አይታችኋል።»

«ሌላ ቀለም ይሸጣሉ?»

«ቢጫና አረንጓዴ ነበረኝ። ለከለር ዴይ ትምህርት ቤቱ ወስዶ ጨረሰው። ቀዩ ይቺ ብቻ ነች፤ እሷንም ለፈትያ ነው የማስቀምጣት። ሌላ ሰው ሲጠይቀኝ የለም እላለሁ። ደንበኛዬ ናት።»

አልፊያ ቆርቆሮውን በላስቲክ ጠቀለለች። «ዊዳድ እንዴት ናት?»

አብደላ ፊቱን አዞረ። «ተሽሏታል። ትንሽ ነው የበላችው መሰለኝ። ግን ኢንስፔክተር... ሙሉ ቀን ልጹም ብላ ያስቸገረችኝ ራሷ ናት። ልጅ ነሽ፣ ግማሽ ቀን ይበቃሻል ስላት አልቅሳ። እሺ አልኳት። ተደብቃ በረዶ በልታለች። ምላሷ ቀይ ነው፣ ዓይኔ አይቶታል። እሷ ግን ‹ጾሜን አልፈታሁም› ትላለች። ብትበላ ባልተቆጣኋት። በረመዳን አባቷን ዓይኑን እያየች መዋሸቷ ነው ያቃጠለኝ።»

«መቼ ነው የወደቀችው?»

«አፍጥረን፣ መግሪብ ሰግደን ስንጨርስ።»

«ሌሎቹ የወደቁት ቀን ነው።»

«እሷ ጠንካራ ናት» አለ አብደላ።

አልፊያ ቆርቆሮውን ይዛ ወጣች። በመንገድ ላይ «ምነው?» ብላት «መርዝ ጠንካራና ደካማ ቢያይ፣ ያን ያህል ሰዓት ልዩነት ያያል እንዴ?» አለችኝ። እኔም እንደ አዋቂ ከንፈሬን መጠጥኩ።

*

ትምህርት ቤቱ ሜዳው ላይ ገና የከለር ዴይ ፊኛዎች ተሰቅለዋል፤ ግማሾቹ አየራቸው ወጥቶ ተጨማደዋል። በሩን የከፈተልን ጥበቃው አማኑ ነው። ደግ ሰው ነው፤ የሠፈር ልቅሶ ላይ ድንኳን ሲተከል ከሱ የሚቀድም የለም። እጄን ብዘረጋለት የእጁን አንጓ ሰጠኝ።

«እጄ እርጥብ ነው፣ እትዬ» አለ።

አንጓውን ጨብጬ አለፍኩ። አልፊያም አንጓውን ጨብጣ አለፈች።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት ሚስ ሜሪ ቢሮዋ ውስጥ ጠበቀችን። ልጆቹም ወላጆቹም «ሚስ» ስለሚሏት እኔም ሚስ እላታለሁ፤ ባልና ሁለት ልጅ አላት። ዓይኗ አብጧል፤ ማልቀሷን አልደበቀችም።

«ያቺን ሴት ከአጥሬ ስር አንሡልኝ ብዬ ለወረዳው ስንት ጊዜ አመለከትኩ» አለች። «ማን ሰማኝ? ይኸው ደረሰ።»

«ልጆቹ እዚህ የበሉት ነገር አለ?»

«ዳቦና ፈንዲሻ። ለሁሉም ነው የሰጠነው። መምህራኑ በልተዋል፤ እኔም በልቻለሁ። የታመመ መምህር የለም። ከበሉት ልጆች ብዙዎቹ ደህና ናቸው። በረዶ የገዙት ናቸው የታመሙት።»

«የታመሙት ሁሉ በረዶ መግዛታቸውን በምን አወቁ?»

«ምላሳቸውን አላየሽም?»

ይህን ስትል ከመሳቢያዋ የፈንዲሻ ከረጢት አወጣች። የተረፈ ነው፤ ቢጫና አረንጓዴ ፈንዲሻ ተቀላቅሎ የታሸገ ትንሽ ከረጢት። «ውሰጂው፣ አስመርምሪው። ከፈለግሽ ቅመሺው። እኔ የምደብቀው የለኝም።»

«ጾመኛ ነኝ» አለች አልፊያ። «ለማፍጠሪያ ይሆነኛል።» ኪሷ ውስጥ ከተተችው። መቼም ልትበላው አይመስለኝም፤ ለጨዋነት ያለችው ነው።

እኔም ጾመኛ ነበርኩ፤ ሁዳዴ ነው። ለኔ ግን ማንም ቅመሺ አላለኝም።

ከግቢው ሳንወጣ ስልኳ ጮኸ። የሆስፒታሉ ሐኪም ነበር፤ ድምፁ ለኔም ይሰማል፣ አልፊያ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ትይዛለች፤ ይህ የፖሊስ ልማድ ይሁን ለኔ አዝና አላውቅም። የሞቲ ደም ሲቀዳ ቡናማ ሆኖ መውጣቱን ነገራት። አንድ ኬሚካል ደሙ አየር እንዳይሸከም አድርጎታል። «መድኃኒት አለው፤ ግን በቀላሉ አይገኝም፣ አለቦታው ከሰጠሁት ደግሞ ይጎዳዋል» አለ። «በረዶ በላ ትሉኛላችሁ። ውሃና ስኳር እንዲህ አያደርግም። የኬክ ቀለም ልጅ ያቅበጠብጣል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ደም ሲያጠቁር ግን አላየሁም። ምን እንደበላ በርግጠኝነት ንገሩኝ። ዛሬ።»

አልፊያ ስልኩን ዘግታ ቆመች። ከአጥሩ ስር የፈትያ ባዶ በርጩማ አለ። ሰው ሁሉ አይቶት ሲያልፍ ይተፋል።

*

አመሻሽ ላይ ዊዳድን ልንጠይቅ ሄድን። አልፊያ ለምርመራ፣ እኔ ለጥየቃ፤ ብርቱካን የያዝኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ዊዳድ ፍራሽ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ለእናቷ ትመልሳለች፤ ከአባቷ ጋር አትነጋገርም። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ኩርፊያዋ ግን የትልቅ ሰው ነው። አልፊያ አጠገቧ ተቀምጣ «ዊዱ፣ ትናንት ከፈትያ በረዶ ገዝተሽ ነበር?» አለቻት።

«ሁላችሁም እሱን ነው የምትጠይቁኝ» አለች ወደ ግድግዳው። «አልገዛሁም። ጾመኛ ነበርኩ።»

አብደላ በረጅሙ ተነፈሰ።

አዛኑ ተሰማ። ተምርና ውሃ ቀረበ። አልፊያ አንድ ተምር ጎርሳ፣ ውሃ ጠጥታ፣ እጇን ልትጠርግ ሶፍት ፍለጋ ኪሷን ስትፈትሽ የፈንዲሻው ከረጢት ተንሸራቶ ወጥቶ ፍራሹ ላይ ወደቀ።

ዊዳድ በድምፁ ዞረች። ከረጢቱን አየች፤ አልፊያን ከላይ እስከ ታች አየች።

«ያ ያንቺ አይደለም» አለች።

«ለምን?»

«ቢጫና አረንጓዴ ነዋ። አንቺ ሰማያዊ ነው የለበስሽው።»

አልፊያ የፖሊስ ሸሚዟን አየች፤ ከረጢቱን አየች። «እንደ ልብስ ነው እንዴ የሚበላው?»

«አዎ። ሚስ እንደዛ ነው ያለችው። ቢጫ የለበሰ ቢጫ ይበላል። አረንጓዴ የለበሰ አረንጓዴ። የሌላውን መንካት አይቻልም፤ የነካ ከሰልፍ ይወጣል።»

«አንቺስ ምን ለብሰሽ ነበር?»

«ቀይ።»

አልፊያ ድምጿን አልቀየረችም፤ እንዲያውም ሳምቡሳ አነሳች። «ቀይ ፈንዲሻ ነበረ ማለት ነው?»

«ነበረ። ለቀዮቹ ብቻ።»

«በላሽው?»

ዊዳድ ተነስታ ቁጭ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን አየችው። «ጾመኛ ነበርኩ አልኩ እኮ። ሁሉም ሲበሉ ኪሴ ከተትኩት። አዛን ሲል ነው የበላሁት። መጀመሪያ ተምር፣ ከዛ ፈንዲሻ። እማዬ ወጥ ቤት ነበረች። ምላሴን ያያችሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቀን ላይ ብታዩት ነጭ ነበር። ማንም አላየም።»

አልፊያ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ እሙ፣ በረዶ ከረፋድ እስከ መግሪብ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል?»

«የፈትያ ከሆነ እስከ ቤት በርም አይደርስ» አልኳት።

አብደላ ተምሩን እንደያዘ ነው። አልጎረሰውም።

እናቷ የዊዳድን ቀሚስ ከገመድ አወረደች። ታጥቧል፤ ቀይ ስለሆነ ከውጭ ምንም አይታይበትም። አልፊያ ኪሱን ገለበጠችው። ገበሩ ነጭ ነው። ነጩ ላይ ቀይ ነጠብጣብ፣ በኦሞ ታጥቦም ያልለቀቀ። ጣቷን በምራቋ አርሳ አሸችው፤ ጣቷ ቀላ። ወደ ቧንቧው ሄዳ በሳሙና ታጠበች። ተመልሳ ስትመጣ ጣቷ ያው ነው።

«አያቴ ለሙዳይ ስፌት የአለላ ሣር በቀለም ስትነክር እረዳት ነበር» አለች ጣቷን እያየች። «እጄ ሳምንት እንዲህ ሆኖ ነው የሚሰነብተው። የኬክ ቀለም እኮ በውሃ ይሄዳል።»

እዚያው ሆና ሮቤራ ጋ ደወለች። «ሮቤራ፣ ሞቲ ትናንት ምን ለብሶ ነበር?»

የሮቤራ ድምፅ ዘገየ። «ምን ያደርግልሻል?... ማሊያ። ቀይ ማሊያ። እኔ ነኝ የገዛሁለት።»

ከዚያ ሌሎቹ ወላጆች ጋ ደወለች። ቀይ ሹራብ። ቀይ ቀሚስ። ከጎረቤት የተዋሱት ቀይ ቲሸርት። እያንዳንዱ የልጁን ልብስ ያውቃል፤ የሌላውን ልጅ ግን የጠየቀ የለም። ሁላችንም የተባበርነው አንድ በር ስንመታ ብቻ ነበር።

*

ትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ ገና ዓይን ያያል። አማኑ ከፈተልን። አሁንም አንጓውን ዘረጋ።

አልፊያ አንጓውን ያዘችና አልለቀቀችውም። ቀስ ብላ እጁን ገለበጠችው። መዳፉ፣ የጣቶቹ መሃል፣ ጥፍሩ ስር ድረስ ቀይ ነው።

«ጋሽ አማኑ፣ እጅዎ ውሎ አልደረቀም?»

አማኑ እዚያው የበሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እንባው ወረደ፤ በዚያ ቀይ እጁ ጠረገው።

«ልጁ ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም። ቀለሙን ከየት አመጡ?»

«ቢጫና አረንጓዴው ከአብደላ ተገኘ። ቀይ የለም አለኝ። ሚስ ‹ቀይ የለበሱት ሊያለቅሱብኝ ነው፣ የትም ሄደህ አምጣ› አለችኝ። መርካቶ ወረድኩ፤ ሙዳይና ሰፌድ የሚሸጡበት። የአለላ ቀለም ነው አለችኝ ሻጯ። ለምን እንደምፈልገው አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።»

«የአለላ መሆኑን እያወቁ?»

«እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰፋ አለላውን በአፏ እያራሰች ነው። ምላሷ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሐምራዊ ነበር፤ እንስቅባት ነበር። አርጅታ፣ ጧሪ አግኝታ ነው የሞተችው። እሷን ያልገደለ ምን ያደርጋል አልኩ። ቀለም ያው ቀለም ነው አልኩ። ፈንዲሻው ላይ ሲፈስ ደግሞ ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነበር። በጣም ነው የሚያምረው።»

አልፊያ ለሐኪሙ ደወለች። «የሣር ማቅለሚያ ነው፤ የስፌት ቀለም። ብዙ ነው የበላው» ስትል ሰማሁ። ከዚያ ወደ አማኑ ተመለሰች። «ይህን የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ሚስ። ልጁ እንደወደቀ ሮጬ እጄን አሳየኋት። ‹የኔ ቀለም ይሆን እንዴ?› አልኳት። እጄን አየች፤ መስኮቱን ዘጋች። ‹ዝም በል› አለችኝ። ‹ቢጫውንና አረንጓዴውን አስቀምጥ። ቀዩን ቅበረው።›»

ከመጸዳጃው ኋላ ወሰደን። አፈሩ አዲስ ነው። ከአፈሩ አጠገብ፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ ፈንዲሻው የተለወሰበት ዕቃ ተደፍቷል። አልፊያ ገለበጠችው። ውስጡ ደም የተቀዳበት ይመስላል። ውጭው ሰማያዊ። ጠርዙ ላይ ስንጥቅ፣ በላስቲክ የተደፈነ።

«አማኑ፣» አልኩ፣ «ይሄ የኔ ነው።»

«ለአንድ ቀን ብዬ ነበር፣ እትዬ። ልመልሰው ስል እንዲህ ሆነ።»

የምስቅ መስሎኝ ነበር። አልቻልኩም። በዚያ ባኞ የልጅ ልጄን አጥቤበታለሁ።

ሚስ ሜሪ ተጠርታ ስትመጣ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ባኞውን አይታ ለማስተባበል እንኳ አልሞከረችም። «በዚህ ወር ፈቃዳችን ሊታደስ ነበር» አለች። «መምህራኑ ሁሉ በኔ ነው የሚያድሩት። ልጆቹ ይሻላቸዋል ብዬ ነው። ክሊኒክ የገቡት ተሽሏቸው ሲወጡ እኮ አየሁ።»

«ሐኪሙ ምን በላ ሲልዎት በረዶ አሉት» አለች አልፊያ። «ሙሉ ሌሊትና ሙሉ ቀን በረዶ ሲፈልግ አድሮ ዋለ። ፈትያም ታሰረች።»

«በረዶውም እኮ ቀለም ነው።»

«ነው» አለች አልፊያ። «ስለዚህ ነው ሁላችንም ያመንንዎት።»

*

ሞቲ በማግስቱ ነቃ። መድኃኒቱ ራሱ ሰማያዊ ቀለም ያለው ፈሳሽ ነው፤ በደም ሥሩ ሰጡት። በቀለም የታመመ በቀለም ሲድን ሳይ ዕድሜዬ ስንት ነገር እንዳሳየኝ አሰብኩ። ሽንቱ አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ የተደሰተው እሱ ብቻ ነበር፤ ለነርሶቹ ሁሉ አሳየ አሉ። ነገር ግን ሐኪሙ ገና አልለቀቀውም። ኩላሊቱን እያየን ነው ይላል። ሲራመድ ግድግዳ ይይዛል። ሮቤራ ቀዩን ማሊያ ጥሎታል።

አብደላ ልጁን ይቅርታ ጠየቃት። እንዴት እንደጠየቃት አላየሁም፤ ዊዳድ ግን ለሠፈሩ ሁሉ «ጾሜን አልፈታሁም፣ አባዬም አምኗል» እያለች ትናገራለች። ሚስ ሜሪና አማኑ ተይዘዋል። ለአማኑ አንጀቴ ይበላል፤ ለሚስ ሜሪ ምን እንደሚሰማኝ ገና አላውቅም። «ባኞዬስ?» ብዬ አልፊያን ብጠይቃት «ማስረጃ ነው» አለችኝ። መቼም ከእንግዲህ ልብስ አላጥብበትም።

ፈትያ ስትለቀቅ አልፊያ ራሷ እስከ ግቢዬ ድረስ አመጣቻት። በሯ ላይ ቆመው «የኔ ንጹሕ ነው ማለት ነው?» አለቻት ፈትያ።

«ለምግብ የተሠራ ነው እንጂ ንጹሕ ነው አላልኩም» አለች አልፊያ። ፈትያ ራሷን ነቀነቀች፤ የተቀየመች አልመሰለኝም። ገብታ የፍሪዘሩን ገመድ ነቀለች። ለረጅም ጊዜ በሩ ስር ቀይ ውሃ ሲወጣ ነበር፤ እኔ ነኝ በመጥረጊያ ወደ ቦዩ የገፋሁት።

በማግስቱ ጎረቤቶቹ መጡ። ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፤ ሮቤራ ከፊት፣ እናቶቹ ከኋላ። አሁን ዳቦና ተምር ይዘዋል። የቆርቆሮው በር በቡጢና በድንጋይ ተሰርጉዶ መሃሉ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ አይዘጋም፣ አይከፈትም፤ ፈትያ በጎን ሾልካ ወጣች። ማንም ወደ በሩ አላየም። ሮቤራ ዳቦውን ሰጣት፤ ዳቦው ገና ትኩስ ነበር። ተቀበለችው። እግሩን እያፈራረቀ ቆየ።

«ያው፣ ፈትያ... ልጅ ነው፤ ጭንቅ ላይ ነበርን። ተቆጣን እንጂ ክፉ ነገር እንኳ አልተናገርንሽም። ተናገርንሽ እንዴ?»

ፈትያ ዳቦውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እኔ እንጃ፣ ሮቤራ» አለች። «ከውስጥ ሆኜ አልሰማሁም። በሩን ስትመቱት ቃሉ አይለይም ነበር።»